በሩን የሚያይ አልጋ

ከጥቂት ወራት በፊት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። የደወለችልኝ በዚህ ከተማ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ በጽዳት ሥራ የምታገለግል እኅታችን ናት። «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንድ ያገራችን ሰው እዚህ ተኝቷል፣ ከነርሶቹ ጋር ተጣልቷል፣ ጥበቃ ሊጠሩበት ነው፤ ቋንቋውን የሚሰማለት የለም» አለችኝ። ስደርስ ሰውዬው አልጋው ላይ አልነበረም። መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሏል። አልጋው ከቦታው ተገፍቶ የክፍሉን መተላለፊያ ዘግቶታል፤ የግሉኮስ መስቀያውም ወድቋል።

ይህ ወንድም በሀገር ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት በውትድርና ያገለገለ፣ ከተሰናበተ በኋላ ወደዚህ መጥቶ በአንድ ሕንፃ ጥበቃ ሆኖ የሚሠራ ሰው ነው። ሆስፒታል የገባው ለትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ነበር፤ ቀዶ ሕክምናውም መልካም ሆኖለት ነበር። ችግሩ የመጣው ከክፍሉ ነው። የአልጋው ራስጌ ወደ በሩ ስለ ነበር የሚገባውንና የሚወጣውን ማየት አይችልም። በኮሪደሩ ጋሪ ሲገፋ፣ ሳህን ሲወድቅ፣ ማሽን ሲጮኽ ይሰማል እንጂ ከየት እንደ መጣ አያውቅም። እኩለ ሌሊት ላይ ነርስ የደም ግፊቱን ልትለካ ገብታ፣ በተኛበት ክንዱን ያዘችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እርሱም በቅጡ አያስታውሰውም። «አባ፣ ልጅቷን አልነካኋትም። አልጋውን ያዞርኩት በሩን ለማየት ብቻ ነው» አለኝ፤ ይህንኑም ሦስት ጊዜ ደጋገመው።

ነርሷም ብትሆን ጥፋት የለባትም። ሌሊቱን ሙሉ ለብዙ በሽተኞች የምትሮጥ፣ እርሷም እንደኛው ከሩቅ አገር የመጣች ስደተኛ ናት። የታዘዘችውን በታዘዘችበት ሰዓት ፈጸመች። ነገሩን ካስረዳኋት በኋላ ሁለታችን አልጋውን አዞርነው፤ ራስጌው ግድግዳውን ተጠጋ፣ በሩ ፊት ለፊት ሆነ፣ የመታጠቢያ ክፍሉም መብራት በርቶ በሩ ገርበብ እንዲል ተደረገ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሰውዬውም ጎህ እስኪቀድ ተኛ።

ይህን ታሪክ የማነሣው እንዲያው ለትዝብት አይደለም። በሀገር ቤት የሚገኝ አንድ ሆስፒታል ከጦርነት ለተመለሱ፣ ሥጋቸው ድኖ መንፈሳቸው ላልዳነ ሰዎች የሚሆኑ አራት ክፍሎችን ሊያድስ አስቦ፣ የማኅበረሰባችንን እርዳታ ጠይቋል። ኮሚቴያችንም ተሰብስቦ የዕቃ ዝርዝር አዘጋጀ። ለያንዳንዱ ክፍል ትልቅ ቴሌቪዥን፣ የሚያብረቀርቅ የወለል ንጣፍ፣ ብርሃናቸው የጠነከረ የኮርኒስ መብራቶች፣ በግድግዳው ላይም የጀግንነት ሥዕሎች፤ ታንክና ባንዲራ፣ ጠመንጃ ያነገበ ወታደር። የመጣው ገንዘብ ከማን ኪስ እንደ ወጣ አውቃለሁ። የዕረፍት ቀኗን ሰውታ ተጨማሪ ቤት ስታጸዳ የዋለች እኅት ያመጣችው ነው። ስለዚህ በዚያ ዝርዝር ላይ ያለኝን ተቃውሞ በስብሰባው ብቻ ሳይሆን እዚህም ልጽፈው ወደድሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ፣ የቀድሞ ወታደር የሕመም ክፍል ከሌላው ሰው ክፍል በምን እንደሚለይ እንጠይቅ። በጦር ሜዳ የኖረ ሰው አካሉ አንድ ትምህርት ተምሯል፤ ሳያዩት የሚመጣ ድምፅ ሞት ሊሆን ይችላል፣ ጀርባን ክፍት መተው አደጋ ነው፣ ተኝቶ መገኘት መሸነፍ ነው። ይህ ትምህርት በዚያ ስፍራ ሕይወቱን አትርፎለታል። ክፋቱ ጦርነቱ ሲያበቃ ትምህርቱ አብሮ አለማብቃቱ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ቁስል በሕመሞች መዘርዝሩ ውስጥ በስሙ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ያም ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮችና ሐኪሞቻቸው ዓመታት ከጮኹ በኋላ ነበር። እንቅልፍ ማጣት፣ መባነን፣ ያለፈው ነገር አሁን እየሆነ ያለ መምሰል፣ ሁልጊዜ ዘብ ላይ መሆን ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ጀርባውን ለበር ሰጥተን፣ የማያባራ ጩኸት ባለበት፣ ሌሎች እንደ ፈለጉ በሚያበሩትና በሚያጠፉት መብራት ሥር ስናስተኛው፣ ሐኪሙ በቀን የሠራውን ክፍሉ በሌሊት ያፈርሰዋል።

ይህ አስተሳሰብ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በኅዳር 1854 በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ቁስለኞች ወደ ተከማቹበት ወደ ስኩታሪ ስትደርስ፣ ወታደሮቹ ከጥይት ይልቅ በሆስፒታሉ ርኩሰትና በታፈነ አየር ያልቁ ነበር። ከዚያ ስትመለስ በ1859 ስለ ሕሙማን አያያዝ ባሳተመችው መጽሐፍ ለድምፅ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥታለች። እዚያ የምታስተምረው ነገር ዘወትር ይገርመኛል። በሽተኛን የሚጎዳው የድምፁ ትልቅነት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም «ምን ሊመጣ ነው?» የሚያሰኘው ድምፅ ነው ትላለች። በበር ላይ ቆሞ መንሾካሾክንም ከዚህ ትቆጥረዋለች። ያንን ወንድም አልጋውን ያስገፋው እርሷ የገለጸችው ነገር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ በሆስፒታል መኝታ ክፍሎች የሌሊት ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ይህም የሹክሹክታ ያህል ነው። በጉብኝት አገልግሎት ከገባሁባቸው ሆስፒታሎች መካከል ይህን የሚያሟላ አንድም አላጋጠመኝም።

ሁለተኛው ምስክሬ ከፊንላንድ ነው። አልቫር አልቶ የተባለው የሥነ ሕንፃ ሰው በፓይሚዮ ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የሠራው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1933 ተጠናቀቀ። አልቶ ክፍሉን ያሰበው ቆሞ ለሚመለከተው ጎብኚ ሳይሆን በጀርባው ለተኛው ሰው ነው። ለተኛ ሰው ግድግዳው ኮርኒሱ ነውና፣ ኮርኒሱን ዓይን በማይወጋ ጠቆር ባለ ቀለም ቀባው። መብራቱን ከተኛው ሰው ዓይን መስመር ውጭ አደረገው። ሁለት ሰዎች በሚተኙበት ክፍል አንዱ እጁን ሲታጠብ ሌላው እንዳይባንን ብሎ፣ ውኃው ሲወርድ ድምፅ የማያሰማ የመታጠቢያ ገንዳ ነደፈ። አንድ ሰው የውኃ ጠብታ ድምፅ ለጎረቤቱ እንቅልፍ ብሎ ሲያስጨንቀው፣ እኛ ዛሬ የወለሉን ማብረቅረቅ እያሰብን መሆናችን ያሳፍረኛል።

ሦስተኛውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። ሮጀር ኡልሪክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጣው ጥናት፣ በፔንሲልቬንያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ከ1972 እስከ 1981 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 46 ሰዎችን መዛግብት መርምሯል። እኩሌቶቹ በመስኮታቸው ዛፎችን ያዩ ነበር፤ እኩሌቶቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ፣ ነርሶችም ስለ እነርሱ የጻፉት ቅሬታ ያነሰ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የተመለከተውም ወታደሮችን አይደለም። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ራሱ የሕክምናው አንድ አካል ነው የሚለውን ሐሳብ እንደ ቅንጦት መናቅ አልተቻለም።

እዚህ ላይ ግን ከመጻሕፍቱ ወጥተን ሰውዬውን መጠየቅ ይገባል። መስኮት መልካም ነው ተብሎ ለቀድሞ ወታደር ግድግዳ የሚያህል መስታወት በምድር ቤት ብንከፍትለት፣ «ሁሉ ያየኛል» ብሎ ሌሊቱን ሲያፈጥጥ ሊያድር ይችላል። ለአንዱ ሰላም የሆነው ለሌላው ስጋት ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር መስኮቱ ብቻ አይደለም፤ የመጋረጃው ገመድ በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። በዚህ ዘመን የሥነ ልቡና ቁስልን ያገናዘበ አገልግሎት የሚባለውም መነሻው ይኸው ነው። በሽተኛውን «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትሆነው?» ብሎ ከመገሠጽ በፊት «ምን ደርሶብህ ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ መምረጥንም ቀስ በቀስ ለእርሱ መመለስ። በጦርነት ለዓመታት መቼ እንደሚተኛና መቼ እንደሚነሣ ሲታዘዝ ለኖረ ሰው፣ መብራቱን በራሱ ጣት ማጥፋት ትንሽ ነገር አይደለም።

ይህ ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ረጅም ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ከእናንተ ብዙዎቹ መስኮት በሌለው፣ ከውስጥ በማይቆለፍ፣ ማዳም በፈለገችው ሰዓት በምትከፍተው ክፍል ተኝታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁም በረንዳ ላይ። በሩ ከውስጥ የማይዘጋ ክፍል ሰውን ምን እንደሚያደርግ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። የኮሚቴው እኅቶች በስብሰባው ዝም ማለታቸው ያሳዘነኝም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነጥብ ልምጣ። በር ከውስጥ ይቆለፍ ብንል ሐኪሞቹ ወዲያው የሚያነሡት ነገር አለ፤ ትክክልም ናቸው። ከጦርነት በተመለሱት መካከል ራስን የማጥፋት አደጋ አለ። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት 170 ገደማ ሆስፒታሎችን የሚያስተዳድር ታላቅ ድርጅት ነው፤ ከ2007 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና ክፍሎቹን በአንድ የመመርመሪያ ዝርዝር እየፈተሸ፣ በሽተኛው ራሱን ሊጎዳባቸው የሚችሉ ነገሮችን ከክፍሎቹ አስወግዷል። በሆስፒታል ውስጥ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ቁጥር ከዚያ በኋላ በግልጽ መቀነሱን የድርጅቱ ሐኪሞች አስታውቀዋል። አልደብቃችሁም፤ እኔ ቀድሞ እነዚያን ባዶ ክፍሎች ሳይ እስር ቤት ይመስሉኝ ነበርና ጭካኔ ነው እል ነበር። አንድ የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ «አባ፣ እርስዎ የሚቀብሩትን እኔ አልጋው ላይ ነው የማገኘው» ብሎ ዝም አሰኘኝ።

ሆኖም ባዶነት ብቻውን ደኅንነት አይሆንም። ያው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት በ2010 ባወጣው የአእምሮ ሕክምና ሕንፃዎች መመሪያ፣ ክፍሎቹ ከሆስፒታል ይልቅ ቤት እንዲመስሉ፣ የተፈጥሮ ብርሃንና የውጭ እይታ እንዲኖራቸው ይጠይቃል። ከወለሉ ጋር የተጣበቀ ግን እንጨት የሚመስል አልጋ፣ የማይሰበር ግን ብርሃን የሚያስገባ መስኮት፣ ከውስጥ የሚዘጋ ነገር ግን ሠራተኛው በአስቸኳይ ጊዜ ከውጭ ሊከፍተው የሚችል በር ሊኖር ይችላል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ ገንዘቡን ለቴሌቪዥን መድበነዋል።

ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ጉዳይ የምትናገረው ከውጭ ሆና አይደለም። የሆስፒታሎችና የሕሙማን ጠባቂ ብላ የምታከብራቸው ሁለት ቅዱሳን ሁለቱም ወታደሮች ነበሩ። ቅዱስ ካሚሎ በእግሩ የያዘው ቁስል ዕድሜ ልኩን አልዳነለትም። በ1550 ያረፈው ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር ደግሞ ከውትድርና ዘመኑ በኋላ በግራናዳ መንፈሱ ታውኮ እንደ እብድ ተይዞ፣ በዘመኑ እብደትን ያድናል በተባለው ልማድ ታስሮ ተገርፏል። ከዚያ ሲወጣ የከፈተው ቤት ለያንዳንዱ ሕሙም የራሱን አልጋ በመስጠት ይታወቃል። ያኔ ብዙ በሽተኞች ባንድ አልጋ መተኛታቸው የተለመደ ነበርና ይህ እንግዳ ነገር ነበር። በራሱ ላይ የደረሰውን ክፍል አይቶ ሌላ ክፍል አሰበ። እኛ ክፍሉን ካየው ሰው ለምን አንጀምርም?

ከሀገራችን ሁኔታ የሚነሣ አንድ ነገር ግን በውጭ መጻሕፍት አላገኘሁም። እነርሱ ለጸጥታ ብለው ለያንዳንዱ በሽተኛ የብቻ ክፍል ይመክራሉ። በእኛ ዘንድ ግን ሕመምተኛ ብቻውን አይተኛም፤ አስታማሚ አለው። ከገጠር አምባሻና በሶ ቋጥራ የመጣች እናት ወይም ሚስት፣ በቀን ከግቢው ዛፍ ሥር ትውላለች፣ በሌሊት ከአልጋው ግርጌ ሲሚንቶ ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ትተኛለች፤ ጥበቃ ሲመጣም ትባረራለች። ለቀድሞ ወታደር የብቻ ክፍል ያለ አስታማሚ ከጨለማ ቤት የሚለይ አይመስለኝም። በሌሊት ሲባንን «እኔ ነኝ፣ ቤት ነህ» የምትለው ድምፅ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በአራቱም ክፍሎች ግድግዳውን ታኮ የሚዘረጋ መደብ ወይም ታጣፊ አልጋ ለአስታማሚ ይሠራ እላለሁ። ይህ ከቴሌቪዥኑ ይረክሳል። ደግሞም ያች ሴት ጦርነቱን በራሷ መንገድ አሳልፋዋለችና መተኛት አለባት።

የጀግንነት ሥዕሎቹን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። አቅራቢዎቹ ለማክበር ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ሰውን ከታንክ ሥር ለማውጣት በምንደክምበት ክፍል ታንክ መስቀል ምን ይባላል? በተጨማሪም በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ወታደሮች ያለ ክብር ወደየቤታቸው ተመልሰዋል፤ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በድንበሩ ጦርነት፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ልጆቻችን ቆስለዋል። በመጨረሻው ጦርነት በሁለት ወገን የተሰለፉ ሰዎች ነገ በአንድ ኮሪደር ሊተኙ ይችላሉ። የማን ባንዲራ፣ የማን ጀግና ይሰቀላል? ግድግዳው ላይ ዝናብ የጠገበ ማሳ ቢሰቀል ማንም አይቀየምም።

ከዚያ ወንድም ጋር ባለፈው ወር ቡና ስንጠጣ፣ «አንተ ብትሆን ክፍሉን እንዴት ታደርገው ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ግን እንደ ታዘዘ ሰው በዝርዝር ተናገረ፣ እኔም በወረቀት ያዝሁ። አልጋው በሩንም መስኮቱንም የሚያሳይ ይሁን፣ ከራስጌው ግድግዳ ይሁን። የመብራቱ ማጥፊያ በእጄ ይሁን። ሲመሽ ድርግም የሚል ጨለማ አይሁን፣ ትንሽ መብራት ይደር። የበሩ መዝጊያ ሲዘጋ አይጩህ። የሚገባ ሁሉ ያንኳኳ፣ ተኝቼ ከሆነ በእጁ አይንካኝ፤ ከግርጌ ቆሞ በስሜ ይጥራኝ። ልብሴንና ጫማዬን የማኖርበት ዓይኔ የሚያየው ቦታ ይኑር። በምሽት የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነ ቀን ይነገረኝ። ቀና ብሎም «አባ፣ ቴሌቪዥን ካለ ማጥፊያው ይሰጠኝ፤ ዜና ሲሆን አጠፋዋለሁ» አለኝ።

ከተናገረው ውስጥ ግማሹ ገንዘብ የማይጠይቅ መሆኑን ልብ በሉ። ማንኳኳት ነጻ ነው። በስም መጥራት ነጻ ነው። አልጋ ማዞርም ነጻ ነው፤ እኔና ያቺ ነርስ በሌሊት አድርገነዋል። የቀረውም ቢሆን ለወለሉ ንጣፍ ከታሰበው ያነሰ ነው። የክፍሎቹን ንድፍ የሚሠራው ባለሙያ አንድ ሌሊት በዚያ አልጋ ላይ ቢያድር፣ ከማንኛውም ስብሰባ የበለጠ ይማር ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም በደብዳቤ ጠይቄያለሁ።

ኮሚቴው ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደ ገና ተሰብስቦ ነበር። በዚህ ጊዜ እኅቶቻችን ዝም አላሉም፤ ከመካከላቸው አንዷ ተነሥታ ስለ ራሷ ክፍል፣ ስለ ሦስት ዓመት ሌሊቶቿ ተናገረች፣ አዳራሹም ጸጥ አለ። የጀግንነት ሥዕሎቹ ቀርተዋል። የአስታማሚው መደብና የሌሊቱ መብራት በዝርዝሩ ገብተዋል። በወለሉ ንጣፍ ገና አልተስማማንም፤ ቴሌቪዥኑንም ሊቀመንበራችን አልለቅም ብለዋል፤ ማጥፊያው ግን በሽተኛው እጅ እንዲሆን በቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፏል።